ኮምፒውተሬና እናቴ ባንድ ክፍል

እናቴና ኮምፒውተሬ ባንድ ክረምት ታመሙ። እሷ ራሷን ያማታል፣ ያቅለሸልሻታል፣ ደረቷን ይዛ ታስላለች። እሱ ደግሞ ሲያበሩት ይጮኽና ጭልም ይላል። እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ መጀመሪያ የደነገጥኩት ለኮምፒውተሩ ነበር።

ያን ጊዜ ፍኖተ ሰላም ኬሚስትሪ አስተምር ነበር፤ ቤቱ ኮምፒውተር ያለው መምህር በጣት ይቆጠራል። ቤቴ ሁለት ክፍል ናት። አባቴ ሲሞት እናቴን ከቡሬ ገጠር አምጥቼ መኝታ ቤቱን ለቀቅሁላትና እኔ ሳሎን መደብ ላይ መተኛት ጀመርኩ። ሳሎኑ መንገድ ዳር ስለሆነ ሌባ ፈርቼ ኮምፒውተሩን እዚያው እሷ ዘንድ ተውኩት። አቧራና ዝናብ እንዳይነካው ብዬም የመኝታ ቤቱን መስኮት በላስቲክ ሸፍኜ በሚስማር ጠረቀምኩት።

መሬቷን በእኩል የሚያርሰው ሰው ድርሻዋን በቆሎ አመጣላት። ጎተራ የለን፤ ሳሎን ይቀመጥ ብላት «እህሌ ካጠገቤ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደኝም» ብላ ጆንያውን ሁሉ አልጋዋ ሥርና ግድግዳው ጥግ ደረደረችው። ክረምቱ ሲገባ ነቀዝ ተነሣ። ጠረጴዛው ላይ ይወጣና በሲፒዩው ቀዳዳ ይገባል። እኔ ግልፍተኛ ነኝ፤ አልደብቅም። «ይኸን እህል አውጪልኝ፣ ዕቃዬን ጨረሰው» ብዬ ጮኽኩባት። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ገበያ ወጣች።

ሳምንት ሳይሞላ ነቀዙ ጠፋ። ዝንቡም ጠፋ፤ የአይጥ ኮሽታ እንኳ ራቀ። ክፍሉ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። እናቴ ለጉንፋኗ ነጭ ሽንኩርት ስለምትበላ አላጠያየቀኝም። «ቤቱ ሰላም ሆነ» አልኳት። ደስ አላት።

ከዚያ በኋላ ነው ኮምፒውተሩ አልነሣም ያለው። ቁልፉን ስጫነው መብራቱ ይበራል፣ ማራገቢያው ይዞራል፣ ሦስት ጊዜ ጢጥ ይልና ስክሪኑ እንደጠቆረ ይቀራል። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ፤ ማከፋፈያ ለወጥሁ። በመጨረሻ ክዳኑን ፈትቼ ሜሞሪዋን አወጣሁና ጥርሶቿን በላጲስ ፈተግሁ። ተነሣ። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ እንቢ አለ። ስከፍተው ያጸዳሁት ሁሉ እንደገና ጠቁሯል። እንዲያ ጎንበስ ብዬ ስሠራ እኔንም ራሴን ይይዘኛል፤ ከስክሪኑ ነው ብዬ ተውኩት።

እናቴ የበላችው አልረጋ አላት። «ዓይን ነው» አለች፣ «እኔንም ዕቃህንም ዓይን በላን።» ጎረቤቶች ምች ነው ብለው ዳማከሴ አሹላት። ጸበል ወሰድኳት፤ ሰባት ቀን ተጠምቃ ፊቷ በርቶ፣ እየበላች ተመለሰች። ቤት ገብታ ሁለት ቀን ሳትቆይ ወደቀች። እጄን ያዘችና «እዚህ ቤት የሚጠብቀኝ ነገር አለ» አለችኝ። በአጋንንት አላምንም፣ ግን ፈራሁ። ከዚያ ወዲያ ያን ክፍል ስገባ ወደ ኋላዬ አይ ጀመር።

ሲፒዩውን በጋቢ ጠቅልዬ ቡሬ ያለ ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት። ትምህርቱን ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጠ ጎልማሳ ነው። ሜሞሪዋን ለወጠ፤ ሱቁ ውስጥ ሳምንት ሙሉ ያለ እንከን ሠራ። ቤት ባመጣሁት በአራተኛው ቀን ሦስቴ ጢጥ። ተሸክሜው ተመለስኩ። ከፍቶ ብዙ አየው፤ የጠቆረውን መዳብ በጣቱ አሻሽቶ አሸተተ።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኔ ጋ ሲሆን ይሠራል፣ እርስዎ ቤት ሲገባ ይሞታል። ያለበት ክፍል ውስጥ ምን አለ?»

«እናቴ አለች።»

«ሌላስ?»

«እህል።»

እጁን ከዕቃው ላይ አነሣ። «አንድ እህል ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ያስቀመጠውን አምጥቶልኝ ነበር፤ ልክ እንዲህ ጠቁሮ። የነቀዝ ክኒን ተደርጎበት ይሆን? ከክኒኑ የሚወጣው ጋዝ መዳብ ይበላል። ሰውንማ…» አልጨረሰውም።

ኬሚስትሪ አስተማሪው እኔ ነኝ። የዚያን ጋዝ ስም ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ሽታው የነጭ ሽንኩርት ዓይነት ነው ብዬ ለተማሪ አስጽፌያለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸ ነው። ጠዋት ስወጣ ደግሞ «ብርድ እንዳይመታሽ በሩን ዝጊ» ብያት ነበር። ሲፒዩውን እዚያው ጥዬ ወጣሁ፤ ሚኒባስ እስኪሞላ መጠበቅ አቃተኝና የጭነት አይሱዙ ላይ ተንጠለጠልኩ። መንገዱን ሙሉ የማስበው የዘጋችውን በር ነው።

ከደጅ ጠራኋት። በሩን ገፍቼ ስገባ ጋደም ብላለች፤ ከንፈሯ አመድ መስሏል። አቅፌ ወደ ግቢ አወጣኋትና ተመልሼ ላስቲኩን በእጄ ቀደድኩት። ጆንያዎቹን እየጎተትኩ ሳወጣ ባንዳንዱ አፍ ላይ በእራፊ ጨርቅ የተቋጠረ፣ ከክኒኑ የቀረ ግራጫ ዱቄት አገኘሁ።

«ማነው ይኸን ያደረገው?»

ግድግዳውን ተደግፋ ትንፋሿን ሰበሰበች። «እኔ ነኝ። ገበያ በወረቀት ጠቅልለው ይሸጡታል። እንዳይመለስ እያልኩ በየሳምንቱ እጨምርበት ነበር፤ ከጸበል ስመለስም ጨመርኩ። ነቀዙ ዕቃዬን ጨረሰው ብለህ ስትቆጣ ጊዜ…» ሳሏ አቋረጣት። ሲለቃት ቀና ብላ አየችኝና «አሁን ዳነልህ?» አለችኝ።

ሆስፒታል አደረስኳት፤ ተረፈች። ሳሉ ግን እስከ ዕለተ ሞቷ አልተዋትም። ኮምፒውተሩ ትዝ ባላት ቁጥር «ዕቃህ ዳነ ወይ?» ትለኛለች። «ዳነ» እላታለሁ። ከቡሬ አላመጣሁትም።