የሪራን ማር ለስኳር መድኃኒት ነው እያልኩ ስሸጥ

ወገኖቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። መጋቢያችን ጥቂት ደቂቃ ሰጥተውኛል፤ ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ዛሬ ከዚህ ቤት መውጣት አልፈልግም። ተፈወስኩ ልል አይደለም የቆምኩት፤ ከአሁኑ ልንገራችሁ። ያም ሆኖ ስሙ ይባረክ!

ሮቤ ገበያ ማር ስሸጥ የምታውቁኝ ብዙ ናችሁ። ቅድመ አያቴ ከንጉሡ ጦር ጋር ከመንዝ መጥቶ ጎባ ሲሰፍር፣ ከሐረና ጫካ፣ ከሪራ መንደር፣ ማር ይገበርለት ነበር ይባላል። ማር ከቤታችን ጠፍቶ አያውቅም፤ በእሱ አደግኩ፣ በእሱ ነገድኩ። ስኳር በሽታ ሲገኝብኝ ደግሞ አፌ አላረፈም። «የሪራ ማር የጫካ አበባ ነው፤ ስኳር አይጨምርም፣ እንዲያውም መድኃኒት ነው» እል ነበር። ለሰው ብቻ ሳይሆን ለራሴም። ጠዋት ጠዋት በሾርባ ማንኪያ እልስ ነበር፣ ወገኖቼ!

ሐኪሙ ገና ያኔ፣ «ሽንትዎ ላይ ትንሽ ፕሮቲን ታይቷል። ኩላሊትዎ መጎዳት ጀምሯል፤ አሁን ከተጠነቀቅን እናቆየዋለን» ብሎኝ ነበር። ግን ምንም አላመመኝም። ያላመመኝን ምን ልታከም? ዓመት አለፈ፣ ሌላም ዓመት አለፈ። ሽንቴ አረፋ ይሠራ ጀመር፤ መጸዳጃውን በሳሙና አጥበውት ነው አልኩ። የደም ግፊቴ ወጣ፤ የገበያ ጭቅጭቅ ነው አልኩ። እግሬ አብጦ ጫማዬ አልወልቅ ሲል ነው የደነገጥኩት።

ጎባ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ደም ሰጥቼ ውጤት ስጠብቅ ከጎኔ አግዳሚው ላይ አዴ ጫልቱ ተቀምጠዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ደንበኛዬ የነበሩ እናት ናቸው። ፊታቸው አብጧል።

«አካም ጅርታ፣ ደህና ነህ ልጄ? አንተም እዚህ?»

«የስኳር ክትትል አለኝ» አልኩ።

ትክ ብለው አዩኝ። «ታዲያ ማሩስ?»

ወገኖቼ፣ የሐኪም ቤት ካርዴን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

«እኔ እኮ ኪኒኑን ትቻለሁ» አሉኝ። «ሐኪሙን ትቼ አንተን አመንኩ፣ ማሎ፣ ወይ ጉዴ!»

ስሜ ተጠራ፣ ገባሁ። ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ፣ «ኩላሊትዎ ከግማሽ በላይ አቅሙን አጥቷል። የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን ግን እንጠብቃለን» አለኝ። ስለ ራሴ እንኳ መፍራት አልቻልኩም፤ ጆሮዬ ላይ ያለው የእሳቸው ድምፅ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እረፍት አጣሁ። እህል አልወርድ አለኝ። ሱቄን ከፍቼ መልሼ እዘጋለሁ። ወደ አዴ ጫልቱ ቤት እሄድና ሳላንኳኳ እመለሳለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ራሳቸው መጡ። ሊሰድቡኝ ነው ብዬ ቆሜ ጠበቅኩ።

«ተናድጄብሃለሁ» አሉኝ፤ «አሁንም አልወጣልኝም። ብቻዬን ልጸልይልህ ብል አፌ እምቢ አለኝ። ና፣ አብረን እንሂድ።»

ወደዚህ ቤት ያመጡኝ እሳቸው ናቸው። እዚያ ጥግ ተንበርክኬ፣ «ጌታ ሆይ፣ ውሸታም ነኝ» አልኩት። ተቀበለኝ! ሃሌሉያ! እንዲህ ያለውን አንደበት ማን ይቀበላል? እርሱ ተቀበለው፣ ክብር ለእርሱ ይሁን!

ማር አሁንም እሸጣለሁ፤ መድኃኒት ነው ግን አልልም። ኪኒኔን በሰዓቱ እውጣለሁ፣ ጨው ቀንሻለሁ። ዘንድሮ የምርመራ ውጤቴ ባለበት ቆሟል፤ ጌታ ይመስገን! አዴ ጫልቱ ዛሬ በመካከላችን የሉም፤ ደክሟቸዋል። የእሳቸው ከእኔ ብሶ፣ ሐኪሞቹ በማሽን ስለሚደረገው እጥበት እየነገሯቸው ነው። ጸልዩላቸው። ይቅር ብለውኛል፣ ጌታም ይቅር ብሎኛል። እኔ ግን ቁጭ ብዬ ማረፍ አልቻልኩም፤ ከእኔ የገዙት እሳቸው ብቻ አይደሉማ!

ስለዚህ እለምናችኋለሁ። ጌታን እመኑት፣ እርሱ አያሳፍርም። ያን ጊዜ የነገርኳችሁን ግን አትመኑ። ከእኔ ማር ለስኳር ብላችሁ የወሰዳችሁ፣ ምንም ባያማችሁም፣ ሽንታችሁን አስመርምሩ፤ ያቆማችሁትን ኪኒን ሐኪም ጠይቁ። ሰኞ ጠዋት እኔም ለምርመራ ጎባ እሄዳለሁ፤ አብረን እንሂድ። እጅ አታንሱ፣ በሰው ፊት አላሳፍራችሁም። አሁን ስንወጣ በሩ ላይ እቆማለሁ፤ ወደ ጆሮዬ ጠጋ በሉና «እኔም ገዝቻለሁ» በሉኝ።