የእህቴ መዳፍ

ልጅ ሳለሁ፣ እዚሁ ላሊበላ፣ ከዓለም ሁሉ የምቀናው በታናሽ እህቴ በትርንጎ መዳፍ ነበር። መልኳም ልብሷም ደንታ አይሰጠኝም፤ መዳፏን ባየሁ ቁጥር ግን ምነው የኔ በሆነ እል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከእኛ ጋር የምትኖረው አክስቴ እታለም አንድ የቱሪስት ሆቴል ውስጥ ወጥ ቤት ተቀጠረች። ባለቤቱ «እነዚህ ፈረንጆች የሆቴል ምግብ ሰልችቷቸዋል፤ እናታቸው ቤት የሚበሉትን እየጠየቅሽ ሥሪላቸው» አላት። አስጎብኚዎቹ እያስተረጎሙላት ትጠይቃለች፤ አመሻሽ ላይ ቤት መጥታ ትሞክረዋለች። እንግዳ የሚበዛው ደግሞ ገና ሲቃረብ፣ በጾሙ ነው። አክስቴ እጇ ቅቤና እንቁላል ውስጥ ነው፣ አፏ ግን ዝግ ነው። ስለዚህ ቀማሽ ያስፈልጋታል፤ ቀማሹም መጾም ያልጀመረ ልጅ መሆን አለበት። እኔ ሰባት ዓመት ሞልቶኝ መጾም የጀመርኩት በዚያው ዓመት ነበር። እናቴ በጎረቤት ፊት «አሁንማ ትልቅ ሰው ሆነችልኝ» እያለች ስታሞግሰኝ፣ ትልቅነቱን አንስቼ ለትርንጎ ብሰጣት ደስ ባለኝ።

ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ስለሚጠፋ በፋኖስ ነበር የምናመሸው። አክስቴ የቅቤው ሽታ ጎረቤት እንዳይደርስ በሩን ትዘጋለች፤ ጭሱም አብሮን ይቀራል፤ እናቴ ጥጓን ይዛ «በጾም ቤቴን ቅቤ ቅቤ አሸተትሽው» እያለች ታጉረመርማለች። ምግቡ ፍሙ ላይ ሲንተከተክ ወሬው ይጀመራል፤ አክስቴ እያንዳንዱን ምግብ እንደ ተረት ነበር የምታወራው። የፈረንሳይ ሽንኩርት ሾርባ፣ ቤቷ ለወጥ የሚሆን ከሽንኩርት ሌላ ያልቀረላት ሴት አማቷ ድንገት ከተፍ ሲሉባት የሠራችው ነው፤ ሽንኩርቱን እስኪቀላ በቅቤ አቁላልታ፣ ደረቅ ዳቦና አይብ ጣል ታደርግበታለች። የጃፓን ሰው ትኩስ ሩዝ ላይ ጥሬ እንቁላል ይሰብራል፤ ይህን ስትናገር እናቴ ታማትባለች። አክስቴ ከጋሸና አልፋ ስለማታውቅ አገሮቿ ሁሉ ላስታን ይመስሉ ነበር፤ የስፔኗ ባልቴት እንኳ ድንቿን ከሙጃ ገበያ በአህያ ጭና ነበር ዳገቱን የምትወጣው።

ወሬው ጫፍ ሲደርስ አክስቴ ማንኪያዋን ታነሳና «ነይ የኔ ዓለም፣ ቅመሽልኝ» ትላለች። ትርንጎ መዳፏን ትዘረጋለች፣ ትልሳለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች፤ በቃ። እኔ ምራቄን እየዋጥኩ ፊቷን ፊቷን አያለሁ። «እንዴት ነው?» ስላት ትከሻዋን ትሰብቃለች። ያን ሁሉ አገር የሚያህል ነገር ለእንዲህ ያለች ልጅ መስጠት ግፍ ይመስለኝ ነበር፤ ዛሬም ይመስለኛል።

አንድ ቀን ትርንጎ ቀድማ ተኛች። አክስቴ ለማግስቱ እንግዶች የስፔኗን ድንች፣ በእንቁላል ተመትቶ የሚጋገረውን፣ እየሞከረች ነበር። ጠርዙ ቀልቶ ሲገለበጥ መዳፌን ዘረጋሁ። ማንም አልጠራኝም፤ ዝም ብዬ ዘረጋሁ። አክስቴ ቁራሹን በማንኪያ እንደያዘች ትንሽ አየችኝ። እውነቴን ነው፣ የምትሰጠኝ መስሎኝ ነበር።

«አንቺማ ጾመኛ ነሽ፣ እመቤቴ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ለራሴ ያልፈቀድኩትን ላንቺ እንዴት እፈቅዳለሁ?»

ሄዳ ትርንጎን ቀሰቀሰቻት። ትርንጎ ዓይኗን ሳትገልጥ አኘከች፣ «ጨው» አለች፣ ተመልሳ ተኛች። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አለቀስኩ።

ገና ሲመጣ ጾሙ ይፈታል፤ ያኔ አክስቴ እዚያው ሆቴሏ ራሷ ትቀምሳለች፣ እቤት የሚሞከር ነገር የለም። «ለኔም ሥሪልኝ» ብዬ ለምኛት ነበር፤ «በዶሮ ወጥ ቀን የፈረንጅ ድንች?» ብላ ሳቀችብኝ። በሚቀጥለውም ዓመት ያው ነበር። ትርንጎ ለመጾም ሳትደርስ አክስቴ አግብታ ወደ ሙጃ ሄደች፤ ካረፈችም ቆየች።

ዘንድሮ በገና ማግስት የስፔኗን ድንች ራሴ ሠራሁ። ወሬው አንድም አልጠፋኝም፤ ድንቹ እንዴት ሳስቶ እንደሚከተፍ፣ ሽንኩርቱ በዝግታ እንዴት እንደሚለሰልስ፣ ባልቴቷ ስትገለብጠው «ቅዱስ ላሊበላ ድረስ» እንደምትል ሳይቀር አስታውሳለሁ። ትርንጎን፣ አሁን የሁለት ልጆች እናት ናት፣ ጠርቼ አቀረብኩላት። አኘከች።

«የሷ እንዲህ አልነበረም» አለች።

«እንዴት ነበር ታዲያ?»

«እንጃ፤ ብቻ ሌላ ነበር» ብላ ሌላ ቁራሽ አነሳች።

ቅናቴ እንደ ልጅነቴ ተነሳብኝ። ያ ጣዕም ዛሬ በዚህች ምድር ላይ የቀረው እሷ አፍ ውስጥ ብቻ ነው፤ እሷም ልታወራው አትችልም። ያኔ እኔ ቀምሼው ቢሆን ኖሮ ስንት ምሽት አወራው ነበር።