የሌለችው ድመት

ያ ክረምት እንደ ሌላው ክረምት አልነበረም። ዝናቡ መጥቶ የሚሄድ ሳይሆን ጓዙን ጠቅልሎ የገባ ይመስል ነበር። ልብስ ታጥቦ አይደርቅም፣ ክብሪት ተጭሮ አይያዝም፣ የሰው ሁሉ ፊት ከእንቅልፉ እንደተነሳ አባብጦ ይውላል። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ጎርፉ የቲኬት ቁራጭና የብርቱካን ልጣጭ እየገፋ ሲወርድ፣ ቅጠሌ ባዶ ወንበሮቿ መሀል ቆማ የመስኮቱን እንፋሎት በመዳፏ ትጠርግ ነበር። ጠርጋ የምታየው ታዲያ ሌላ ነገር አይደለም፤ ማዶ የተከፈተውን የዶሮ ጥብስ ቤት ነው። ቀይ መብራት፣ የሚያብረቀርቅ ጠረጴዛ፣ ደጁ ላይ ጃንጥላ ይዞ የተኮለኮለ ሰው። የዘይቱ ሽታ መንገዱን ይሻገርና እሷ ቤት ገብቶ ይቀመጣል። በዚያ ክረምት ሳይጠሩት የሚመጣላት እንግዳ እሱ ብቻ ነበር።

ቅጠሌ ያሏት ሾፌሮች ናቸው። ሥጋ የማይሠራበት ምግብ ቤት ከፍታ ባዩ ጊዜ "ዛሬስ ምን ቅጠል አጨድሽልን?" እያሉ ሲቀልዱ ስሙ ተጣበቀባት። እሷም አልከፋትም። የምስር ሾርባ፣ ሩዝ በካሮት፣ ባቄላ፣ ድንች በጥቅል ጎመን፤ በቃ ይኸው ነው። ርካሽ ነው፣ ትኩስ ነው፣ ሆድ አይከብድም። ሰዉም እየሳቀባት ይበላላት ነበር።

ቤቱን እንዲያ አድርጋ የከፈተችው ግን ለጤና ብላ ወይም ዘመን አመጣሽ ነገር አምሯት አይደለም። ለታላቅ እህቷ ብላ ነው።

እናታቸው ስትሞት ቅጠሌ የወተት ጥርሷን ያልጨረሰች ልጅ ነበረች። እታለም እያለች የምትጠራት ታላቋ፣ እሷም ራሷ ልጅነቷን ሳትጠግብ፣ ቄራ ገብታ አንጀት አጣቢ ሆነች። በዚያ ደመወዝ ነው አሳድጋ፣ አስተምራ፣ ከሰው እኩል ያደረገቻት። ከሥራ ስትመጣ የላስቲክ ቦቲዋን በር ላይ ታወልቅና እጇን እስከ ክርኗ በሎሚ ታሻለች። ታሸተዋለች፤ ራሷን ትነቀንቃለች፤ እንደገና ታሻለች። ከዚያ ለእህቷ ከቄራ ያመጣችውን ሥጋ ትቀቅልላትና እሷ ጥጓን ይዛ ደረቅ ዳቦ ትገምጣለች።

"አንቺስ እታለም?"

"እኔ ስነካው ውዬ ጠገብኩ።"

ምክንያቱን ገልጣ የተናገረችው አንድ ቀን ብቻ ነው። "አፌ ሲገባ የሚታየኝ ዓይናቸው ነው። ወረፋ ሲጠብቁ እኮ ሰው ሰው ያያሉ" አለች። ከዚያ ወዲያ ቅጠሌ ጠይቃት አታውቅም። እታለም ግን ሰው ቤትም ሆነ ምግብ ቤት መብላት ተወች። ምን እንደገባበት ያላየችው ድስት አይታመንማ። ሠርግ ስትጠራ ሙዝ ልጣ በልታ ትመለሳለች። ሰዉ ኩራት ይመስለው ነበር።

ስለዚህ እታለም ጡረታ የወጣች ዓመት ቅጠሌ ቤቱን ተከራየች። የመጀመሪያው ቀን፣ ግድግዳውን ተጠግታ ያለችውን ትንሽ ጠረጴዛ ወልውላ፣ ወንበር ስባ አስቀመጠቻት።

"እዚህ ቤት ደም የነካው ነገር አይገባም እታለም። አንቺም እንደ ሰው ከቤትሽ ወጥተሽ፣ ሳትፈሪ የምትበይበት አንድ ቦታ ይኑርሽ።"

እታለም ሳህኑን አሟጣ በላችና "እጅሽ ይባረክ" አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺ ጠረጴዛ የእሷ ሆነች፤ ሌላ ሰው ቢቀመጥባት እንኳ እሷ ብቅ ስትል ሳህኑን ይዞ ይነሳላት ነበር።

እንግዲህ በዚያ ክረምት ነው ሰዉ አንድ በአንድ ወደ ማዶ የተሻገረው። ከሁሉ የቆየው አንድ ወፍራም ሾፌር ነበር፤ እሱም በመጨረሻ "ቅጠሌ አትቀየሚኝ፤ በዚህ ብርድ ቅጠል በልቶ መሪ አይዞርም" ብሎ ሄደ። ቅጠሌ የሠራችውን ምግብ ማታ ለውሻ ስታፈስ፣ ቀን ዝንብ እሽ ስትል ትውል ጀመር።

እታለም ከጥጓ ሆና ወንበሮቹን ስታይ ስታይ ቆየችና አንድ ቀን፣ "ቄራ አጣቢ ይፈልጋሉ አሉ። ሄጄ ልጠይቅ መሰለኝ" አለች።

"ማን ነው የሚሄደው?"

"እኔ ነኛ። እጄ እንደሆነ አልተቆረጠ።"

አልተቆረጠም፤ ግን ምን እጅ አላት። ያን ሁሉ ዘመን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከርሞ ጣቶቿ ተጣመዋል፤ ማንኪያ የምትይዘው እንደ ሕፃን በጡጫዋ ነው። ቅጠሌ ያንን እጅ በሁለት እጇ ያዘችው። "ሞቼ ነው የምትሄጂው" አለች፤ እያለቀሰች ሳቀች።

በማግስቱ ጠዋት መንገዱን ተሻግራ በዶሮ ቤቱ የጓሮ በር ቆመች። ጠባሹ፣ ክንዱን ዘይት እየተፈናጠቀ ነጠብጣብ ያደረገው ጨዋታ ወዳድ ሰው፣ የዶሮ አንገትና ጀርባ ጆንያ ውስጥ እየወረወረ ነበር። እዚያ ቤት የሚሸጠው ጭኑና ክንፉ ነው፤ ሌላው ይጣላል።

"ምን ልታዘዝ ጎረቤት?"

"ለድመቴ ትንሽ አጥንት ካለህ ብዬ።"

"ያንቺ ድመት ቅጠል አትበላም?"

"እምቢ አለችኝ።"

ከልቡ ሳቀና ፌስታል ሙሉ ሰጣት።

ቅጠሌ በሩን ዘግታ አንገቱን በሽንኩርት ቀቀለችው። አጥልላ አጥንቱን ወስዳ ሩቅ ጣለች፤ ውሃውን ምስሩ ላይ፣ ሩዙ ላይ፣ ድንቹ ላይ ጨመረችው። "ውሃ ነው እንጂ ሥጋ አይደለም" አለች ለራሷ። ለእታለም ደግሞ በትንሽ ድስት ለብቻ ሠራችላት። ሰው እስኪመለስ ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ ትተወዋለች።

ሰዉማ ተመለሰ። ሾፌሩ አንድ ጊዜ ዝናብ ሊጠለል ገብቶ ቀመሰና በማግስቱ ሁለት ሾፌር አስከትሎ መጣ። ወንበር ጠፋ። በዚያ ግርግር መሀል ነው እታለም ትንሿን ድስት ያየቻት።

"ለምን ከሰው ለይተሽ ትሰጪኛለሽ? በሽተኛ ነኝ?"

"ላንቺ ጨው ቀንሼ ነው።"

"ጨው ምን አደረገኝ። ሰው የሚበላውን ስጪኝ" ብላ ራሷ ጭልፋውን ትልቁ ድስት ውስጥ ነክራ ቀዳች።

ቅጠሌ ጭልፋውን ልትቀማት እጇን ዘረጋች፤ መልሳ ሰበሰበችው። ቤቱ ሰው ሞልቷል። አትብዪ ብትላት ለምን ትባላለች። እታለም አንድ ማንኪያ ጎረሰች፣ ቆም አለች፣ ደገመች።

"አንቺ ልጅ" አለች ቀስ ብላ፣ "እጅሽ የእማማን እጅ እየመሰለ መጣ እኮ።"

ከዚያ ትንሿ ድስት ቀረች። ሰው ክፉ ነገርን እንዴት እንደሚለምደው የሚገርም ነው። እታለም ፊቷ መለስ አለ፤ የቄራውን ነገር ደግማ አላነሳችም። ቅጠሌም ያንን ስታይ ደስ ይላታል፤ ደስታዋ ደግሞ ያማታል። አማረኝ ስትላት ትጨምርላታለች፤ በቃኝ ስትላት "በሞቴ፣ አንድ ጭልፋ ብቻ" ትላታለች። በሞቴ የተባለ ደግሞ እምቢ አይባልም።

ክረምቱ ወጥቶ፣ መንገዱ አቧራ ማንሳት ከጀመረ በኋላ፣ አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሁሉም ተሰብስበው ነበር። ሾፌሩ አለ፤ የመድኃኒት ቤቷ ልጅ አለች፤ እሷ ሥጋ ከተወች የቆየች፣ ስለ ምግብ ካወራች የማትጨርስ ልጅ ናት። እታለም ጥጓ ላይ ናት።

"አሁን እኔ ዶሮ ቤት ሰልፍ ላይ ቆሜ ይቺን ሾርባ አስታውሼ ጥዬ መጣሁ" አለ ሾፌሩ።

"ስነግርህ አልነበር" አለች ልጅቱ። "አትክልት ሠሪ ካገኘ ሥጋ አያስናፍቅም። እኔ ቤቴ ስሞክረው ግን የሳህን እጣቢ ነው የሚሆንብኝ። ቅጠሌ፣ እስቲ ንገሪኝ፣ ምንድነው የምትጨምሪበት?"

"ቀስ ብሎ ማብሰል ነው" አለች ቅጠሌ ጀርባዋን እንደሰጠች።

"አትነግርሽም፤ ሙያ እኮ ነው" አለ ሾፌሩ። "አንቺ ክኒንሽን ቁጠሪ።"

በዚህ መሀል ጠባሹ ሽርጡን እንዳሰረ ገባ። "እንደምን ዋሉ እትዬ" ብሎ ለእታለም አንገቱን ዝቅ አደረገና ተቀመጠ። "እናንተ እኔ ደጅ ትሰለፋላችሁ፤ እኔ ደግሞ ከራሴ ጥብስ ሸሽቼ እዚህ። ዘይቱ እኮ ሕልሜ ውስጥ ሳይቀር ይንጫጫል።"

"ታዲያ አንተ የማትበላውን ለምን ለኛ ትሸጣለህ?" አለ ሾፌሩ።

"አንተ ስለምትገዛ ነዋ።"

ሳቁ። ጠባሹም በሳቁ መሀል ወደ ቅጠሌ ዞር ብሎ፣ "ለመሆኑ ድመትሽ ደህና ናት? ዛሬ አንገቱ ብቻ ጆንያ ሙሉ ነው። ሳይጥሉት ነይና ውሰጂላት" አላት።

የቅጠሌ ጭልፋ አየር ላይ ቀረ።

"ድመት አለሽ እንዴ?" አለች የመድኃኒት ቤቷ ልጅ።

እታለም ቀና አለች። ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ፣ መጋረጃ ለይቷቸው ነው የሚኖሩት። ድመት ቀርቶ አይጥ እንኳ ብትገባ እታለም ትሰማለች። የእህቷን ጀርባ አየች። ከዚያ ሾርባዋን አየች። በማንኪያዋ አንዴ አማሰለችው።

"አለቻት እንጂ" አለች። "ግራጫ ናት። ወፍራለች ደግሞ።"

"ምን አትወፍር እትዬ፤ የኔን ዶሮ ጨረሰችው እኮ" አለ ጠባሹ።

ቅጠሌ ዞር ስትል እታለም እየበላች ነው። ተይው ልትላት ፈለገች፤ ሳህኑን ከፊቷ ልታነሳው ፈለገች። ሰዉ ግን እያየ ነው። እታለምም ሰዉ እያየ መሆኑን ስለምታውቅ ነው የምትበላው፤ ሳህኗን ገፍታ ብትነሳ ያቺ የመድኃኒት ቤት ልጅ ትጠይቃለች፣ ሾፌሩ ይጠይቃል። በዚያ በተጣመመ ጡጫዋ ማንኪያውን ይዛ፣ ሳትቸኩል፣ እስከ መጨረሻው ጠብታ ጨረሰችው። ሳህኑን በዳቦ ጠረገች። ለሰው በሚሰማ ድምፅ "እጅሽ ይባረክ" አለች።

ከዚያ ጓሮ ወጥታ ቧንቧውን ከፈተች። አፏን ስትጉመጠመጥ ብዙ ቆየች።

ማታ ቤታቸው ውስጥ መጋረጃው እንደተጋረደ ነው የተነጋገሩት።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከክረምቱ።"

"ቄራ ልሂድ ካልኩሽ ወዲህ?"

"አዎ።"

አልጋው ተንቋቋ።

"እኔ እኮ የእማማን እጅ ወረሰች ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር" አለች እታለም።

"ላንቺ ብዬ ነው። ተመልሰሽ እዚያ እንዳትገቢ ብዬ ነው።"

"እዚያ ብገባ የሚነካው እጄን ነበር። እጅ ይታጠባል። አንቺ አፌ ውስጥ ከተትሽብኝ። በሞቴ እያልሽ።"

"አፈር ስሆን እታለም፣ ይቅር በይኝ።"

"ይቅር ብዬሻለሁ። አንቺን ቂም ይዤ የት እደርሳለሁ። ግን ከእጅሽ መብላት አልችልም እህቴ። ልቤ አይደለም፤ ጉሮሮዬ ነው እምቢ ያለኝ።"

ሳምንት ሳይሞላ እታለም ልብሷን በአንሶላ ቋጥራ፣ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ የምትኖር የቄራ ጓደኛዋ ቤት ገባች። ሁለት አሮጊት ሆነው አብረው ዳቦ ይገምጣሉ፤ እርስ በርስ ምን እንደማይበላ ማስረዳት የለባቸውም።

ቅጠሌ ወደ ዶሮ ቤቱ ጓሮ መሄዷን አቆመች። የመድኃኒት ቤቷን ልጅ ለብቻዋ ጠርታ እውነቱን ነገረቻት። ልጅቱ ቀላች፣ ቦርሳዋን አነሳች፣ ለማንም ሳትናገር ቀረች። ሾርባው ውሃ ውሃ አለ። "ምነው ቅጠሌ፣ እጅሽን ምን ነካው?" አለ ሾፌሩ። ጥቂት ቀን አፍሮ መጣ፤ ከዚያ ተሻገረ። ቤቱ ሲዘጋ ያቺን የጥግ ጠረጴዛ የሚወስዳት ጠፍቶ ደጅ ላይ ዝናብ መታት፤ ወዲያው ሌላ ክረምት ገብቶ ነበርና።

ሥራ ያስገባት ጠባሹ ነው። ደግ ሰው ነው፤ እስከ ዛሬም ምን እንደሠራ አያውቅም። አንድ ቀን፣ "ድመቷስ?" ብሎ ጠየቃት።

"ሄደች" አለችው።

በዕረፍት ቀኗ እጇን እስከ ክርኗ በሎሚ ታሻለች። ታሸተዋለች፤ እንደገና ታሻለች። ከዚያ አውቶቡስ ይዛ እህቷ ዘንድ ትሄዳለች። ይዛ የምትሄደው የሚላጥ ነገር ነው፤ ብርቱካን፣ ሙዝ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ድፍረት አግኝታ፣ ድንች በካሮት ሠርታ በሳህን ሸፍና ሄዳ ነበር። በንጹሕ ውሃ፣ በጨው ብቻ። እታለም ክዳኑን ከፈተች፣ አየችው፣ ቀስ አድርጋ መልሳ ከደነችው። "አስቀምጪው" አለች። ከዚያ ብርቱካኑን አንስታ በተጣመሙት ጣቶቿ ስትታገል ቆይታ ላጠችና ግማሹን ለቅጠሌ ሰጠቻት። ቅጠሌ ሳህኑን እንደተሸፈነ ይዛው ተመለሰች፤ በሞቴ አላለችም።

በመጨረሻ እንደተሰማው፣ እታለም እዚያው ጓደኛዋ ዘንድ ናት። ቅጠሌ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት፣ ዶሮ ጥብስ ቤቱ ውስጥ፣ ከማብሰያው በስተኋላ ባለችው ክፍል ትሪ ታጥባለች።