አንድ ዓመት ጨምሪ

ልጄ ሳዑዲ ሰው ቤት ስትሠራ አምስት ዓመት ሆኗት ነበር። «እማዬ፣ ወገቤን አሞኛል፤ ለእንቁጣጣሽ ልምጣ?» ብላ ደወለችልኝ። በዚያ ሰሞን ምንዛሪው ለገበያ ተለቆ፣ የምትልከው ያው ሪያል እዚህ አዳማ ባንክ ሲደርስ ብሩ እጅግ በዝቶ ነበር። ግድግዳው ቆሞ ቆርቆሮ የቀረውን ቤታችንን አሰብኩና «አንድ ዓመት ጨምሪ፣ አሁን ነው የሚያዋጣው» አልኳት። «እሺ» አለች።

ጥቂት ወራት ሳይቆይ ቆርቆሮውም ተወደደ። ባለሱቁን ምክንያቱን ብጠይቀው «እማማ፣ እሱም እንደ ልጅዎ ገንዘብ ከውጭ ነው የሚመጣው» ብሎ ሳቀ። እኔ ይህን አላሰብኩትም ነበር።

ቤቱ ዛሬም ቆርቆሮ አልለበሰም። ዓመቱ አልፏል፤ ልጄ ግን ልምጣ አትለኝም። ስለ ወገቧ ስጠይቃት «ደህና ነኝ» ትልና፣ «ዛሬ ምንዛሪው ስንት ገባ?» ትለኛለች።