መሬት የማትነካዋ ጀልባ

ባለፈው ሳምንት ቴፒ ላይ ስልኬ ቻርጅ አልቀበል ብሎኝ አንዱ ጠጋኝ ዘንድ ገባሁ። ሽቦ ሲበይድ ያቺ የጋለ ሙጫ ሽታ አፍንጫዬን መታችኝ። ወዲያው ሚዛን ተፈሪ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል፣ የሳይንስ ክበባችን ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበርኩ።

የፊዚክስ መምህራችን ከአዲስ አበባ የክብሪት ቀፎ የምታህል፣ ሞተር የምታዝ ማይክሮኮንትሮለር ይዘውልን መጥተው ነበር። እኔና ጓደኛዬ በእሷ የምትታዘዝ፣ አየር ከሥሯ እየነፋች መሬት ሳትነካ የምትንሳፈፍ ትንሽ ጀልባ ልንሠራ ተነሳን። ጓደኛዬ እዚያው ሚዛን አጠገብ፣ የሸዋ ቤንች ልጅ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ቀልዱን ፊቱን ሳይፈታ የሚናገር። ልንገራችሁ፣ እወደው ነበር። ፈተናው አልፎ ሳንበታተን አንድ ቃል እንዲለኝ ነበር የምጠብቀው። እሱ ደግሞ ስለ ሞተር ብቻ ነበር የሚያወራኝ!

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ለመደማመጥ ተጠጋግተን ዕቅዱን እንስላለን። አንዱ ሞተር ከሥር ያነሳታል፣ ሌላው ከኋላ ይገፋታል። ሞተሮቹ ሲነሱ ኃይሉን ተሻምተው ማይክሮኮንትሮለሯን እንዳያጠፏት ለእሷ የብቻዋን ባትሪ መደብንላት። መምህሩ በእንግሊዝኛ የሰጡንን ማብራሪያ ራሳችን ወደ አማርኛ ስንመልሰው መጨረሻው ላይ "የሁለቱም ባትሪ መሬት ይገናኝ" የሚል ወጣ።

"መሬት ለማትነካ ነገር መሬት ምን ያደርግላታል?" አለ ጓደኛዬ።

እውነቱን ነው ብዬ ሰረዝኩት።

የሙከራው ቀን ሞተሮቹ አንዴ ዘለል፣ አንዴ ዝም። ትዕዛዝ የሚባል አልሰማ አሉ። መምህሩ ሥዕላችንን አዩና፣

"መሬቱ የታለ?" አሉ።

"ቲቸር፣ ይቺ እኮ ተንሳፋፊ ናት" አላቸው ጓደኛዬ።

እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። "ሽቦ ነው እንጂ፣ አፈር መሰላችሁ? የሁለቱን ባትሪ ኔጌቲቭ አያይዙት። የጋራ መሬት ከሌላቸው አንዱ የሚለው ለሌላው አይገባውም።"

ጓደኛዬ ጥቁሩን ሽቦ እየላጠ፣ ቀና ሳይል፣ "ያንቺስ መሬት የት ነው?" አለኝ።

ቀልድ መሰለኝ። ተወልጄ ያደግሁት ሚዛን ነው፤ አፌ ላይ የመጣው ግን ነጋዴው አባቴ "አገራችን" እያለ የሚጠራው ስም ነበር።

"ጎንደር" አልኩት። ጎንደርን በዓይኔ አይቻት አላውቅም።

"እሺ" አለና ሽቦውን በየደው።

ጀልባዋ ተነሳች። አየሩን እንዲይዝላት ከአሮጌ ጃንጥላ የሰፋንላት ቀሚስ ተነፍቶ ሲሚንቶው ላይ እየተንሸራተተች እስከ በሩ ሄደች። ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔ እሱን አያለሁ፣ እሱ ጀልባዋን። ከፈተናው በኋላ ዩኒቨርሲቲ ሲመድቡን እኔን ወደ ሰሜን፣ እሱን ወደ ምሥራቅ ላኩን፤ ከዚያ ወዲህ ተያይተን አናውቅም። ያን ቃል ሳይለኝ ቀረ እያልኩ ስንት ዓመት አዘንኩበት። ለካ የጋራ መሬት አለን ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር።

ጠጋኙ ስልኬን ገጥሞ ሲመልስልኝ፣ "አገርሽ የት ነው፣ እህቴ?" አለኝ።

"ሚዛን" አልኩት። እንዳልሰማኝ ሁሉ ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩለት፤ "ሚዛን ነው።"

"እሺ" አለና የሚቀጥለውን ስልክ መፍታት ጀመረ።