የውሃ አባቱ ተራ

ፎገራ ላይ በበጋ ሽንኩርት የሚያለማ ሰው ሁለት ጌታ አለው፤ አንድም እግዜር፣ አንድም የውሃ አባት። እግዜርስ ይምራል። የውሃ አባቱ አለኸኝ ግን አይምርም ነበር።

ከጉማራ ወንዝ በሚወጣው ቦይ ላይ አሥራ ስምንት ዓመት ውሃ አከፋፍሏል። ያለ ቀኑ ውሃ የጠለፈ፣ የማንም ልጅ ይሁን፣ ተራው ያልፈዋል፤ የቦዩንም ደለል ይጠርጋል። አለቀ! ጎረቤቱ በላቸውማ ደለል ሲዝቅ ነው የሸበተ። አለኸኝ በገዛ ወንድሙ በአዛናው ላይ እንኳ ፈርዶበት ሁለት ፋሲካ ሳይጠያየቁ አሳልፈዋል።

እንግዲህ ይሄ ሰው ነው ለተወካዮች ምክር ቤት በግል እወዳደራለሁ ብሎ የተነሣ! ሚስቱ ገላነሽ በሳቅ ሞተች።

"ኧረ አንት ሰው፣ ማን ሊመርጥህ? ያልቀጣሃቸው ወረታ ያሉት አስተማሪዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱም ሽንኩርት ስለማይተክሉ ነው።"

እሱን ያስጨነቀው ግን ሌላ ነበር። "እኔ ስሄድ ቦዩን ማን ይጠብቃል? የላይኛው ሁሉንም ጠጥቶ የታችኛው ሊደርቅ ነው" እያለ እህል አልወርድለት አለ።

የድጋፍ ፊርማ በሚሰበሰብበት ቀን ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? በላቸው!

"ወዲህ በሉት ወረቀቱን፣ አያ አለኸኝ! አንቱ አዲስ አበባ ከገቡልን እኛም እንደ ልባችን እናጠጣለን።"

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። በላቸው ፈርሞ ሲያበቃ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ፦ "ለወንድሙ ያላዳላ ለማን ያዳላል ብዬ ነው።" ከኋላው የቆመው አዛናው ነበር። እሱም ፈረመ፤ አለኸኝም እንባው መጣ።

ተመረጠ። ሊሄድ ሲል ገበሬው ተሰብስቦ "ማንን እንተካ?" ቢለው "በላቸውን" አለ።

"ሥጋ ለጅብ አደራ ይሰጣል?" አለች ገላነሽ።

"ውሃ የሚጠለፍበትን ቀዳዳ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለማ!"

አለ እንጂ፣ አዲስ አበባም ሆኖ ልቡ ከቦዩ አልወጣም።

በየካቲት ምክር ቤቱ ለእረፍት ተዘጋና አገሩ ገባ። እረፍቱ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው የሽንኩርቱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ አየ። ቀኑ ሐሙስ ነው፤ የቤቱ ተራ ቅዳሜ። "ነገ መንገደኛ ነኝ፤ ለአንድ ቀን ማን ይከፋዋል" ብሎ ቦዩን በዶማ ከፈተው። ውሃው ገና ከመደቡ ሳይደርስ በላቸው ከች!

"አያ አለኸኝ፣ ተራዎ መቼ ነው?"

"ቅዳሜ።"

"ዛሬስ?"

"ሐሙስ... እኔ እኮ የሕዝብ እንደራሴ ነኝ፣ በላቸው!"

"እሱ አዲስ አበባ ነው። እዚህ ተራዎ አለፈዎ። ደለሉንም ይጠርጋሉ።"

አለኸኝ አፍጥጦ አየው። ከዚያ አዲሱን ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ጭቃው ውስጥ ገባና ከት ብሎ ሳቀ።

"ገላነሽ!" ብሎ ጮኸ፣ ሰው ሁሉ እስኪሰማው። "ገላነሽ፣ ደስ ይበልሽ! ሽንኩርታችን ሊደርቅ ነው!"