ጎንበስ ያለው ዶክተር

ዛሬ ጠዋት ታሃና መርካዚት፣ አውቶቡስ መናኸሪያው ውስጥ፣ አንድ ወታደር ጠመንጃውን ወደ ጀርባው ገፋ አድርጎ ለአያቱ ጎንበስ ሲል አየሁ። ሽማግሌው ራሱ ላይ እጃቸውን ጭነው መረቁት። አባባ ትዝ አሉኝ።

የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አያቴ አባባ አንድ ዓይናቸው ድንገት ሲጨልምባቸው፣ እናቴና እኔ ከሰፈራችን ከሽኩና ሄ ተነሥተን ወደ አንዲት ትንሽ ሆስፒታል ወሰድናቸው። ወጣቱ ዶክተር ዓይናቸውን በመብራት ደጋግሞ አየና በዕብራይስጥ፣ "ይህ ከእኔ በላይ ነው። የዚህ ስፔሻሊስት እዚህ የለንም፤ ዛሬውኑ ቴል አቪቭ ውሰዷቸው" አለ። ተረጎምኩላቸው።

እናቴ ጦፈች። "ታዲያ ይሄ ምን ሆስፒታል ነው!"

አባባ ግን ብድግ አሉ። "ተይ ልጄ። የማያውቀውን ዓይን ነካክቶ ከሚያጠፋ፣ አላውቅም ብሎ መንገድ የሚያሳይ ይሻላል።" ወደ እኔ ዞሩ። "ጎንበስ በል በይው።"

ነገርኩት። ምስጢር ሊነግሩት መስሎት ጆሮውን አስጠጋ። እሳቸው ራሱን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ "እጅህ ይባረክ፣ ክፉ አይንካህ፣ እውቀትህን ይጨምርልህ" አሉት። እኔ "አሜን" ስል እሱም ቀና ሳይል "አሜን" አለ።

አሁን እኔም በአንዲት ትንሽ ሆስፒታል ሐኪም ነኝ። "ይህ ከእኔ በላይ ነው" ማለት አያሳፍረኝም። ሰዎቹ ይቆጣሉ፤ በሩን በላዬ ላይ ዘግተው የሚወጡም አሉ። እኔ ግን ያንን በተናገርኩ ቁጥር፣ ምናልባት የሚመርቀኝ ቢገኝ ብዬ፣ ትንሽ ጎንበስ እላለሁ።